ከአርባው በፊት፦ እናትን በሕይወት ሳለች ለማክበር

በእኛ ሰፈር፣ በባሕር ዳሩ ዓባይ ማዶ፣ የአንዲት እናት ሞት ሲሰማ ሁሉም ነገር በአንድ ሌሊት ይሰናዳል። ዕድርተኛው ድንኳኑን ይተክላል፤ ወንዱ እንጨት ይፈልጣል፤ ሴቷ ምጣድ ትጥዳለች፤ አዲስ አበባም ሆነ ባሕር ማዶ ያሉ ልጆች ያላቸውን አሟጠው ይደርሳሉ። ለአርባው በሬ ይጣላል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ ካህናት ይጠራሉ። ሥርዓቱን አልነቅፍም፤ የሞቱትን በጸሎት ማሰብ የእምነታችን ክፍል ነው። የሚቆጨኝ ሌላ ነው፦ ለአርባው የተገኘው ጊዜ፣ ገንዘብና ጉልበት እናቲቱ በሕይወት ሳለች ግማሹ እንኳ ቢገኝ ኖሮ ዓይኗ ይታከም፣ ጉልበቷ ያርፍ፣ ከልጇ ጋር የነበራት ቅያሜ ይፈታ ነበር።

እናትና አባትን ማክበር ከዐሥሩ ትእዛዛት አንዱ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ለኤፌሶን ምእመናን ሲጽፍ (6፥2) ተስፋ የተያያዘበት የመጀመሪያው ትእዛዝ መሆኑን ያስታውሳቸዋል። ትእዛዝ ደግሞ የሚፈጸመው በሥራ ነው፤ ስለዚህ ሥራውን በተራ በተራው እጽፈዋለሁ። አብዛኛውን የምናገረው በኦርቶዶክስ ቤት ልማድ ነው። የካቶሊክና የወንጌላውያን ቤተሰቦችም ለእነሱ የሚሆነውን መርጠው ሊይዙ ይችላሉ።

ደረጃ 1፦ ታሪኳን ጠይቋት

የማታውቁትን ድካም ልታከብሩት አትችሉም። ብዙዎቻችን እናታችን ለፍታ እንዳሳደገችን እንናገራለን፤ ምን ምን እንደለፋች ግን ዘርዝሩ ብንባል አፋችን ይያዛል።

ጥሩው ሰዓት ቡና ሲፈላ ነው። አቦሉ ላይ አትጀምሩ፤ ጎረቤት ተበትኖ እናንተና እሷ ብቻ ስትቀሩ፣ በረካው ላይ ይሁን። «እስኪ ሕይወትሽን ንገሪን» ብትሏት «ምን ሕይወት አለኝና» ብላ ትዘጋዋለች። ከዕቃ ጀምሩ። «ይህን ምጣድ ማን ሰጠሽ? ይህ ቀሚስ የየት ነው? እኔ ስወለድ ማን ነበር አጠገብሽ?» ከዚያ ወሬው ራሱ ይመራችኋል። ውኃ በእንስራ ከየት እንደቀዳች፣ ጠላ ሸጣ ይሁን ፈትል ፈትላ የማንን የትምህርት ቤት ደብተር እንደገዛች፣ ማን ከዳት፣ ማን ረዳት። ዓመተ ምሕረቱን አትጎትጉቷት፤ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ፣ ደርግ በወደቀ ሰሞን እያለች ራሷ ታስይዛችኋለች። ስልካችሁን ከፍታችሁ ለመቅዳት ካሰባችሁ አስፈቅዷት።

ሁለት ጥያቄዎችን ሳትጠይቁ አትነሡ። የመጀመሪያው ስለ ሞቱባት ልጆች ነው። «ስንት ወለድሽ?» ስትባል የብዙ እናት መልስ የቆሙትን ብቻ የሚቆጥር ነው። የሞቱትን በስማቸው ጠይቋት፤ ክርስትና የተነሡበትን ቀን፣ የተቀበሩበትን ቤተ ክርስቲያን።

የሞቱ ልጆችን ማንሣት እንደሚገባ የጣና ዳርቻ ሰው ከማንም በላይ የሚያውቅበት ምክንያት አለው። ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ ቆራጣ ላይ ገዳሟ ያለው ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ (1592–1642 እ.ኤ.አ.) የምትታወቀው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በሃይማኖቷ በመጽናቷና በጣና ዙሪያ ማኅበራትን በማቋቋሟ ነው። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞተውባታል። ከዕረፍቷ ሠላሳ ዓመት በኋላ ገድሏን የጻፈው ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ ይህን ሐዘን አልዘለለውም። ተከታዮቿ ሁሉ እናታችን ይሏት የነበረችው ሴት የገዛ ልጆቿን ቀብራ የመጣች እናት ናት። የቅድስት ታሪክ ሲጻፍ የሞቱባት ሕፃናት ከተነገሩ፣ የእናታችሁ ታሪክ ሲወራም የእሷ ሊነገሩ ይገባል።

ሁለተኛው ጥያቄ የክርስትና ስሟ ነው። ወለተ ሥላሴ ናት? ወለተ ኪዳን? በቤት ስሟ ብቻ የሚያውቋት ልጆች ካህኑ ፊት ቆመው ሲጠየቁ የሚደናገሩትን ያየ ሰው ይህን አይንቀውም። በሕይወት ሳለችም ስትታመም ለጸሎት የሚሰጠው ይኸው ስም ነው። ጽፋችሁ አስቀምጡት።

ደረጃ 2፦ ቅያሜ ካለ ታረቁ

ጌታ በማቴዎስ ወንጌል (5፥23-24) መባውን ይዞ የመጣ ሰው ወንድሙ የተቀየመው እንደሆነ ትዝ ካለው፣ መባውን እዚያው ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ ያዝዛል። የእናት መባም እንዲሁ ነው። በርስት የተጣላ፣ ያልወደደችለትን ያገባ፣ ሃይማኖት ቀይሮ የተለያት ልጅ ፍሪጅ ገዝቶ ቢልክ ፍሪጁ ቅያሜውን አያነሣውም።

በልማዳችን መንገዱ ክፍት ነው፤ ሽማግሌ መላክ፣ የነፍስ አባቷን መለመን፣ ወድቆ ጉልበት መሳም። ስትወድቁ «ካስቀየምኩሽ» አትበሉ፤ ያደረጋችሁትን በስሙ ጥሩት። «አባባ የሞተ ጊዜ ሳልመጣ የቀረሁት እችል ነበር፤ ሳልመጣ ቀረሁ» ማለት ይከብዳል፤ እሷን የሚያሳርፋት ግን እሱ ነው።

እናቱ በደል ያደረሰችበት ልጅም አለ። ለእሱ ማክበር ማለት ወደሚጎዳው ቤት መመለስ ማለት አይደለም። ቀለቧን በሌላ ሰው እጅ ማድረስ፣ ስሟን በክፉ አለማንሣት፣ ከንስሐ አባቱ ጋር እየተማከረ በጸሎት ማሰብ ይበቃዋል።

ደረጃ 3፦ አደራውን ለአንድ ሰው በስም ስጡ

ስድስት ልጅ ያላት እናት ብቻዋን ስትታመም የምናየው ልጆቿ ክፉ ሆነው አይደለም። እያንዳንዱ ሌላው አለ ብሎ ስለሚያስብ ነው። ባሕር ዳር ያለው ዳላስ ያለችው ትልካለች ይላል፤ ዳላስ ያለችው ባሕር ዳር ያለው ያያታል ትላለች።

በዮሐንስ ወንጌል (19፥26-27) የተጻፈውን በዚህ ዓይን ተመልከቱት። ጌታችን በመስቀል ላይ ሆኖ፣ ያ ሁሉ ሥቃይ እያለበት፣ እናቱን ለደቀ መዛሙርቱ በጅምላ አልሰጣትም። አጠገቡ ለቆመው ለአንዱ ሰጣት፤ ዮሐንስም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወደ ቤቱ ወሰዳት። አደራ ሰጪ አለ፣ ተቀባይ አለ፣ ሰዓት አለ፣ ቤት አለ። እመቤታችን እናታችን ናት ስንል የምንጠቅሰው ይህ ቦታ የቤተሰብ አደራ እንዴት እንደሚሰጥም ያሳያል።

ስለዚህ ወንድምና እህት ተሰብሰቡ፤ በስልክም ይሁን። ሐኪም ቤት የሚወስዳት ማን ነው? መድኃኒቷ ሲያልቅ የሚገዛው ማን ነው? በየሳምንቱ የሚደውለው ማን ነው? ለእያንዳንዱ አንድ ስም ይጻፍ። የዋናው አደራ ተቀባይ ወጪ በሌሎቹ ላይ ይከፈል። አብዛኛውን ጊዜ አደራው ሳይነገር የሚወድቀው ሳታገባ በቀረችው ወይም ቅርብ ባገባችው ሴት ልጅ ላይ ነው። እሷ እናቷን ስትጦር የራሷ ዕድሜ የሚያልፍ ከሆነ አንዷን እናት አክብረን ሌላዋን ሴት አደከምን ማለት ነው። በዓመት ውስጥ የምታርፍበት ጊዜ ይኑራት፤ ያን ጊዜ የሚተካትም ሰው ከአሁኑ ይታወቅ።

ደረጃ 4፦ ሰውነቷን መርምሩ

ይህ ደረጃ ከሁሉም ይረዝማል፤ መርዘምም አለበት። የእናት መሥዋዕትነት የተጻፈው በሰውነቷ ላይ ነውና።

ከዓይኗ ጀምሩ። የአማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ ከበረታባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በሽታው በሕፃናት ዓይንና አፍንጫ ፈሳሽ፣ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል። ደጋግሞ የያዘው ሰው የዓይን ቆቡ ከውስጥ ይጠባሳል፤ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ብሌኑን እየፋቀ ያሳውራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሴቶች በዚህ መታወር ከወንዶች እስከ አራት እጥፍ ይጎዳሉ፤ ምክንያቱም የታመሙትን ሕፃናት ዓይን የሚጠርጉት፣ አቅፈው የሚያስተኙት እነሱ ናቸው። ይህን ሳውቅ የብዙ አሮጊት እናቶችን ዓይን የማይበት መንገድ ተለወጠ። እናታችሁ ወረንጦ ከጎኗ የማይለይ ከሆነና ሽፋሽፍቷን እየነቀለች የምትውል ከሆነ ነገ ዛሬ አትበሉ። የሚደረገው ቀዶ ሕክምና አጭር ነው፤ የሚደነዝዘውም ዓይኗ አካባቢ ብቻ ነው። ጤና ጣቢያው ጠይቁ። ብርሃኗን የጋረደው የዓይን ሞራ ከሆነም በቀዶ ሕክምና ይነሣል፤ «እርጅና ነው» ብላ እንድትተወው አትፍቀዱ።

ቀጥሎ ያለው እናቶች ለወንድ ልጅ የማይነግሩት ነው። በወሊድ ምክንያት ማህፀኗ የወረደባት፣ ሽንት የማይቋጥርላት እናት በመካከላችን አለች። ምልክቱ ብዙ ጊዜ ሌላ ይመስላል። ከሰው ጋር መቀመጥ ትቀንሳለች፤ ረጅም መንገድ በታክሲ አልሄድም ትላለች፤ ቅዳሴ ሲሆን ከደጀ ሰላሙ ርቃ ትቆማለች። ልጆቿ ጠባይዋ ተለወጠ ይላሉ። ይህን ሴት ልጅ ወይም ምራት ትጠይቃት፤ ካልሆነ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትርዳ። አጠያየቁ ቀጥተኛና ገር ይሁን፦ «ብዙ የወለዱ እናቶች ማህፀን ይወርድባቸዋል፤ ይታከማልም፤ አንቺስ እማ?»

ባሕር ዳር ላይ ለዚህ የሚሆን ደጅ አለ። አውስትራሊያዊቷ ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጅናልድ በክርስቲያናዊ እምነታቸው ተነሥተው በ1959 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ መጥተው፣ በ1974 እ.ኤ.አ. የአዲስ አበባውን ፊስቱላ ሆስፒታል አቆሙ። የባሕር ዳሩ ቅርንጫፍ በ2005 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። እናቶች በወሊድ ጉዳት ምክንያት ከሰው ተለይተው እንዳይኖሩ የተሠራ ቤት ነው። ለሌላው ሕመም ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች አሉ። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር የሚረዝም የዓባይ ድልድይም ከእኛ ሰፈር ወደ ከተማው መሻገሩን አቅልሎታል።

ግፊትና ስኳሯ ባትታመምም ይለካ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተሯ በየዓመቱ መታደሱን ደግሞ በደረጃ 3 የተሰየመው ሰው ይከታተል፤ ሲታመሙ ደብተሩ ጊዜው አልፎበት መገኘት በየቤቱ ያለ ችግር ነው።

ደረጃ 5፦ ጾሟንና መድኃኒቷን በነፍስ አባቷ በኩል አስታርቁ

የግፊት ክኒን የታዘዘላት እናት ዐቢይ ጾም ሲገባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አልቀምስም ብላ መድኃኒቱን ታቆማለች። ልጅ ይጮኻል፣ እናት ዝም ትላለች፣ ክኒኑ መሶብ ሥር ይቀመጣል። አትሟገቷት። ጾሟ ለእናንተ ስትል ደጅ የጠናችበት፣ ስትወጡ ስትገቡ የጸለየችበት ነው፤ እሱን ማቃለል እሷን ማቃለል ነው።

መጀመሪያ ሐኪሙን አነጋግሩ፤ አንዳንዱ መድኃኒት ሰዓቱ ተዛውሮ ማታ ሊወሰድ ይችላል። የማይዛወር ከሆነ ወደ ነፍስ አባቷ ሂዱና ሕመሟን አስረዱ። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው የምትሰጠው ፈቃድ አለ፤ ያን ፈቃድ መስማት ያለባት ግን ከእሳቸው አፍ ነው። ስለ ጠበሉም እንዲሁ። ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒቱን ከጠበሉ ጋር አብረው እንዲወስዱ በአደባባይ አስተምረው ነበር፤ ይህን ብትነግሯት ልቧ ይረጋጋል።

ደረጃ 6፦ የገንዘቡን ቅደም ተከተል አስተካክሉ

በማርቆስ ወንጌል (7፥9-13) ጌታ የሚወቅሳቸው ሰዎች ሌቦች አይደሉም። ለወላጆቻቸው የሚገባውን «ለእግዚአብሔር ተስሏል» ብለው ያስቀሩ ሰጪዎች ናቸው። ይህ ቃል ለእኛ ለስለተኞቹ ቅርብ ነው። ለደብሩ ምንጣፍና ጃንጥላ አስገብቶ ስሙ በድምፅ ማጉያ የተጠራለት ሰው፣ እናቱ ደግሞ የቤት ኪራይ ያለፈባት ከሆነ፣ ስለቱን ከመስጠቱ በፊት ይህን ምዕራፍ ይክፈት። ኪራዩን ከፍሎ ሲያበቃ ጃንጥላውን ያስገባ።

የምትልኩት በራሷ የባንክ ደብተር ይግባ፤ በወንድም በኩል የሚሄድ ገንዘብ ወንድምንም ያስጠረጥራል። ጤፉንና መብራቱን እናንተ ከከፈላችሁ በኋላ ደግሞ ማንም የማይጠይቃት ትንሽ ብር ይኑራት። ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ የምትጥለው፣ ለነዳያን የምትዘረጋው፣ ለልጅ ልጇ ከረሜላ የምትገዛው። ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰጥ የኖረች ሴት ተቀባይ ብቻ ስትሆን ይከፋታል።

ደረጃ 7፦ ማኅበሯ ሲደርስ ሥራውን ውሰዱላት

በወር በ21 የማርያም፣ ወይም በ16 የኪዳነ ምሕረት ጽዋ የምትጠጣ እናት ተራዋ ሲደርስ የምታደርገውን ተመልከቱ። ጌሾውን ትወቅጣለች፣ ብቅሉን ታስፈጫለች፣ ጋኑን ታጥናለች፣ ድፎውን በኮባ ጠቅልላ ትደፋለች፤ እንግዳው ሲገባ እሷ ቆማ ታስተናግዳለች። ለአንድ ዓመት እንኳ ልጆች ይህን ሥራ ይረከቧት። ጥንስሱ ሳምንታት ስለሚፈልግ ቀኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ወንድ ልጅም እንጨት ፈልጦ አይሂድ፤ ዕቃ ይጠብ፣ የእንግዶቹን እጅ ያስታጥብ። እሷ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ ከእኩዮቿ ጋር ትቀመጥ።

ጸሎቱ ደርሶ ጽዋው ከተቀመሰ በኋላ አንዱ ልጅ ተነሥቶ በደረጃ 1 ከሰማችሁት ውስጥ አንድ ነገር ይናገር። ውዳሴ ፊት ለፊት ሲደረግላት ታፍራለችና፣ እግዚአብሔር በእሷ እጅ ያደረገላችሁን አድርጋችሁ ተናገሩት፤ አጭር ይሁን። ማኅበርተኞቹ የሚያሟሉትን አዳምጡ፤ እናንተ የማታውቁትን ያውቃሉ።

ማኅበር ለሌላት የግንቦት ልደታ አለች። ግንቦት 1 ጎረቤት ከደጅ ወጥቶ ንፍሮና ቡና ይዞ የሚሰበሰብበት፣ እመቤታችን ከእናቷ ከሐና የተወለደችበት ቀን ነው። ልጆች በስልክ «መልካም የእናቶች ቀን» የሚለዋወጡበት የግንቦት እሑድም ከዚሁ ሰሞን ይውላል፤ እሱንም አሜሪካዊቷ አና ጃርቪስ በ1908 እ.ኤ.አ. የጀመረችው እናቷን በቤተ ክርስቲያን በማሰብ ነበር። ንፍሮውን እናንተ ቀቅሉ።

ደረጃ 8፦ ወደ ሐይቁ ውሰዷት

ጣናን በየቀኑ እያየች ደሴቶቹን ያልረገጠች እናት ዓባይ ማዶ ውስጥ ሞልታለች። ዕድሜዋ ሳይገፋ ውሰዷት፤ መንገዱና ሐይቁ ሰላም መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ገዳሙን ስትመርጡ ተጠንቀቁ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም፤ ጀልባ ውስጥ ተቀምጣ እንድትጠብቃችሁ ይዛችኋት አትሂዱ። ለጉልበት የሚቀርበው ዓባይ ከሐይቁ ከሚወጣበት አጠገብ ያለው ደብረ ማርያም ነው። እንጦስ ኢየሱስ መነኮሳይያት ያሉበት ነው፤ ከእነሱ ጋር ቁጭ ብላ ብታወራ ከስብከት የበለጠ ታተርፋለች። ዘጌ ላይ በቡና ዛፎች መካከል የሚያልፈው የኡራ ኪዳነ ምሕረት መንገድ ዳገት አለው፤ ቀስ እያለች፣ እየተቀመጠች ትወጣዋለች። ቤተ መቅደሱ ስትገባ ሥዕሉን አትግለጡላት፤ እሷ ትግለጥላችሁ። የእመቤታችንን ስደት፣ የቂርቆስንና የእናቱን የኢየሉጣን ተጋድሎ ከእናንተ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች። በሌላ ጊዜ አቅም ካላት ከልጆቿ በኋላ ወደ ምንኩስና የገባችው የክርስቶስ ሠምራ ገዳም ጓንጉት አለ።

በጠዋት ተነሡ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሐይቁን ያናውጠዋል። የመንሳፈፊያ ልብስ ትልበስ፤ ጃንጥላ፣ ውኃና ጾም ካልሆነ ቁርሷን ያዙ። ዝናቡ ያባራበት፣ የእመቤታችን ስደት መታሰቢያ የሆነው ወርኃ ጽጌ (ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5) ለዚህ ጉዞ ከሁሉም ይስማማል።

ደረጃ 9፦ ያረፈች ከሆነ

ካረፈች በኋላም የሚቀር ሥራ አለ። ጦቢት ለልጁ በተናዘዘበት ምዕራፍ (4፥3-4) ስለ እናቱ የእርግዝና ድካም አንሥቶ፣ በሕይወት እንዲያከብራት፣ ስትሞትም በእሱ በጦቢት አጠገብ እንዲቀብራት ያዝዘዋል። ለአርባው፣ ለሰማንያው፣ ለሙት ዓመቱ የክርስትና ስሟን ለካህናቱ ስጡ። ድግሱን በልክ አድርጉና፣ የተረፈውን ጧሪ ለሌላት የማኅበር ጓደኛዋ በየወሩ ቀለብ አድርጉት። ማኅበርተኞቿ መካከል ዓይኗ የደከመች ካለች፣ በደረጃ 4 ያለውን ለእሷ አድርጉላት። ጽዋዋን ከልጆች ማን እንደሚወርስም ተማከሩና፣ የሚቀጥለው 21 ሳይደርስ ለማኅበሩ ሙሴ (መሪ) አሳውቁ።